ስለ ጽፋት እና ስለ ካባላ ታሪኳ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ጽፋት ባወራሁ ቁጥር ሰው የሚጠይቀኝ ነገር ተመሳሳይ ነው፣ ስለዚህ አንድ ቦታ ሰብስቤ መመለሱ ይሻላል ብዬ ነው ይሄን የጻፍኩት። ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ጽፋት የት ነው ያለችው?

ሰሜን እስራኤል፣ ላይኛው ገሊላ፣ ተራራ ላይ። ከባሕር ወለል በላይ 900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ የአገሪቱ ከፍተኛዋ ከተማ የምትባለውም እሷ ናት። ለጎንደር ወይ ለአዲስ አበባ ሰው ይሄ ከፍታ ላይባል ይችላል፣ ግን የገሊላ ባሕር ከሷ ብዙም ሳይርቅ ከባሕር ወለል በታች ስለሆነ ከጥብርያዶስ ተነስቶ ሽቅብ የሚወጣ ሰው ልዩነቱ በደንብ ይሰማዋል። ታኅሣሥና ጥር አካባቢ አንዳንዴ በረዶ ይጥልባታል። ሳፌድ የሚሏትም አሉ፣ አረቦቹ ሳፋድ ነው የሚሏት፣ ያው አንድ ከተማ ናት።

መጽሐፍ ቅዱስ ላይ የለችም አይደል? ታዲያ እንዴት ቅድስት ከተማ ተባለች?

ይሄ በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እኔ ራሴ ጽፋትን የወደድኳት በዚህ ምክንያት ነው። አዎ፣ በዕብራይስጡ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ በስሟ አትገኝም። ኢየሩሳሌም ቤተ መቅደሱ ነበረባት፣ ኬብሮን የአብርሃምና የሣራ መቃብር አላት፣ ጥብርያዶስ ደግሞ ቤተ መቅደሱ ከፈረሰ በኋላ ሊቃውንቱ ተቀምጠው ያስተማሩባት ናት። ጽፋት ግን እንደዚህ የሚባል ነገር የላትም። የኢየሩሳሌም ታልሙድ (የጥንት የአይሁድ ሊቃውንት ትምህርት የተሰበሰበበት መጽሐፍ) ውስጥ ስሟ የሚነሳው አዲስ ወር መግባቱን ለሕዝቡ ለማብሰር እሳት ይነድባቸው ከነበሩ ተራሮች አንዷ ሆና ነው፣ በቃ። ከዛ መስቀላውያን ትልቅ ምሽግ ሰሩባት፣ በ1266 የማምሉኩ ሱልጣን ባይባርስ ምሽጉን ቀማቸውና የአውራጃ ዋና ከተማ አደረጋት። እስከዚህ ድረስ የወታደር ከተማ ናት ማለት ይቻላል።

ቅድስት ያደረጓት በ16ኛው ክፍለ ዘመን የገቡባት ስደተኞች ናቸው። ቅድስናዋ ከጥንት ተቀምጦ የጠበቃቸው አይደለም፣ እነሱ እዛ በጸለዩት፣ በጻፉት፣ በዘመሩት ነው የመጣው። ይሄን ካልያዝን የቀረው ታሪክ አይገባንም።

አራቱ ቅዱሳን ከተሞች ሲባል የትኞቹ ናቸው?

ኢየሩሳሌም፣ ኬብሮን፣ ጥብርያዶስና ጽፋት። አንድ ላይ አራት ተብለው መጠራት የጀመሩት በኦቶማን ዘመን ነው፣ በውጭ አገር ያለው አይሁድ እዛ ለሚኖሩት ምጽዋት ሲያዋጣ ለነዚህ ከተሞች ይከፋፈል ነበርና። ለየከተማው አንድ አንድ ባሕርይ ተሰጥቶታል፣ ኢየሩሳሌም እሳት፣ ኬብሮን መሬት፣ ጥብርያዶስ ውሃ፣ ጽፋት ነፋስ። ያለችበትን ቦታ ላየ ሰው ነፋስ መባሏ ግልጽ ነው።

ካባላ ምንድነው በአጭሩ?

የአይሁድ ምሥጢራዊ ትምህርት ነው። ዋናው ሐሳቡ፣ እግዚአብሔር በራሱ ማንም ሊደርስበት የማይችል ወሰን የሌለው ነው (ኤን ሶፍ ይሉታል)፣ ዓለምን የሚነካውና የሚያስተዳድረው ግን ሰፊሮት በሚባሉ አሥር መገለጫዎች በኩል ነው። ጥበብ፣ ጸጋ፣ ፍርድ እያለ ይወርድና አሥረኛዋ ሼኪና ትባላለች፣ የእግዚአብሔር በሕዝቡ መካከል ማደር ማለት ነው፣ እንደ ሴት፣ እንደ ንግሥት፣ እንደ እናት ነው የሚስሏት። ሼኪና ደግሞ ሕዝቡ ሲሰደድ አብራ ትሰደዳለች ይላሉ። ይሄን አንድ ነገር ያዙልኝ፣ የጽፋት ሰዎች ሁሉ የሚዞሩት በዚህች ሐሳብ ዙሪያ ነው።

ዋናው መጽሐፋቸው ዞሃር ነው። አማኞቹ በ2ኛው ክፍለ ዘመን ገሊላ ውስጥ የኖረው ራቢ ሺሞን ባር ዮሐይ ነው የደረሰው ይላሉ፣ መጽሐፉ በእጅ መዞር የጀመረው ግን በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ስፔን ውስጥ ነው፣ ያወጣውም በ1305 የሞተው ሞሼ ዴ ሌዮን የሚባል ሰው ነው፣ አብዛኞቹ ተመራማሪዎች ደራሲውም እሱ ወይ እሱና ባልደረቦቹ ናቸው ይላሉ። ለጽፋት ታሪክ ግን ወሳኙ የጽፋት ሰዎች ያመኑት ነው፣ እነሱ ደግሞ የራቢ ሺሞን ነው ብለው ነው ያመኑት፣ የሱ መቃብር ያለበት የሜሮን መንደር ከጽፋት ተሻግሮ ያለው ተራራ ላይ ነው።

ስደተኞቹ ለምን ጽፋትን መረጡ? ኢየሩሳሌም እያለች?

በ1492 የስፔን ነገሥታት ፈርዲናንድና ኢዛቤላ አይሁዶቹን ወይ ተጠመቁ ወይ አገር ልቀቁ አሏቸው። ብዙዎቹ ወደ ጎረቤት ፖርቱጋል ገቡ፣ አምስት ዓመት ሳይሞላ በ1497 እዛም በግድ ተጠመቁ። ያመለጠው በሰሜን አፍሪካ፣ በጣልያን፣ በባልካን፣ በግብጽ ተበተነ። አስቡት፣ ለዘመናት ስፔን ውስጥ የኖረ፣ ባለቅኔ ሐኪም ፈላስፋ ያፈራ ሕዝብ ነው በአንድ አዋጅ ሜዳ ላይ የቀረው፣ እና የሁሉም ጥያቄ አንድ ነበር፣ ይሄ ሁሉ የደረሰብን ለምንድነው የሚል።

በ1516 ኦቶማኖች አገሩን ከማምሉኮች ወሰዱ፣ ኦቶማኖች ደግሞ ስደተኛውን በደንብ ይቀበሉ ነበር። ኢየሩሳሌም በዛን ጊዜ ድሃ ከተማ ናት፣ ሥራ የለባትም። ጽፋት ግን ወደ ደማስቆ የሚሄደው ንግድ ቅርቧ ነው፣ ስደተኞቹ ራሳቸው ይዘውት የመጡት የሱፍ ሥራ ደግሞ እዛ በጣም አደገ፣ መፍተል ሽመና ማቅለም፣ ከውጭ ሱፍ ይገባል ጨርቅ ሆኖ ይወጣል። ሰው ጸሎት ብቻ ሳይሆን እንጀራም ይፈልጋል፣ ጽፋት ሁለቱንም ሰጠች። ይሄ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፣ ቅዱሳኑ ከሰማይ የወረዱ ይመስል ይተረካል፣ ግን ከተማዋን ያቆማት የሸማኔውና የነጋዴው ላብ ነው። በ1577 ደግሞ ማተሚያ ቤት ተከፈተባት፣ በአገሩ የመጀመሪያው የዕብራይስጥ ማተሚያ ነው።

እዛ የነበሩት ትልልቅ ሰዎች እነማን ናቸው?

ብዙ ናቸው፣ የማይቀሩትን ልጥቀስ።

ራቢ ያዕቆብ ቤራብ በ1538 ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ የተቋረጠውን ጥንታዊ የሊቃውንት ሹመት እናድስ፣ ሸንጎውም ይመለስ ብሎ ተነሳ። የጽፋት ሊቃውንት ተስማምተው ሾሙት፣ የኢየሩሳሌሙ ራቢ ሌዊ ኢብን ሐቢብ ግን ሕጉ አይፈቅድም ብሎ ተቃወመ፣ ቤራብም ብዙ ሳይቆይ ከተማውን ለቆ ወጣ። ነገሩ ባይሳካም የሰዎቹን መንፈስ ያሳያል፣ መሲሑ በሕይወት ዘመናችን ይመጣል ብለው ነበር የሚኖሩት።

ቤራብ ከሾማቸው አንዱ ራቢ ዮሴፍ ካሮ ነው። በ1488 ተወልዶ በአራት ዓመቱ ከስፔን የተሰደደ ልጅ ነው፣ በባልካን ከተሞች ኖሮ በ1536 ጽፋት ገባ፣ በ1575 እዛው ሞተ። ሹልሐን አሩኽ የሚባለውን የሕግ መጽሐፍ የጻፈው እሱ ነው፣ በ1565 ቬኒስ ላይ ታተመ፣ ዛሬም ሃይማኖቱን የሚጠብቅ አይሁድ ምን እንደሚበላ፣ ሰንበትን እንዴት እንደሚያከብር፣ እንዴት እንደሚጸልይ የሚጠይቀው ከዚህ መጽሐፍ ነው። ደረቅ የሕግ ሰው ይመስላል አይደል? ግን ለብዙ ዓመታት በገዛ አፉ የሚናገር አንድ ሰማያዊ ድምፅ ነበረው፣ የሚነግረውንም በማስታወሻ ይጽፍ ነበር። ገና ባልካን ሳሉ በአንድ የሰባተኛው ሳምንት በዓል (ሻቩዖት) ሌሊት ከጓደኞቹ ጋር እያጠኑ ድምፁ በካሮ አፍ መጣ፣ ስለ ሼኪና ስደት አለቀሰ፣ ወደ ምድረ እስራኤል ውጡም አላቸው። ይሄን በደብዳቤ ጽፎ ያቆየልን እዛ አብሮ የነበረው ራቢ ሽሎሞ አልካቤጽ ነው። አንድ ሰው ቀን ሕግ እየዳኘ ሌሊት እንደዛ ሲሆን፣ ለኔ የጽፋት ትልቁ ነገሯ እሱ ነው፣ ሕግና ምሥጢር አልተጣሉም።

የአልካቤጽ እኅት ባል ራቢ ሞሼ ኮርዶቬሮ ነው (1522 እስከ 1570)። ከሱ በፊት የተጻፈውን የካባላ ትምህርት ሁሉ በሥርዓት ያደራጀ ሰው ነው፣ ትልቁን መጽሐፉን ሲጨርስ ገና ሃያዎቹ ውስጥ ነበር። እሱና አልካቤጽ ሌላም ነገር ያደርጉ ነበር፣ ከከተማ ወጥተው በገሊላ ሜዳና በጻድቃን መቃብሮች መካከል ይንከራተታሉ፣ ሆን ብለው ራሳቸውን ስደተኛ ያደርጋሉ፣ ሼኪና በስደት ላይ ስለሆነች እኛም አብረናት እንሰደድ ብለው። እየሄዱ ሳይዘጋጁ ስለ ጥቅስ ያወራሉ፣ በድንገት የመጣላቸውን ትርጉም ኮርዶቬሮ በኋላ ይጽፈዋል። አባቶቻቸው ተገደው የተሰደዱት ስደት እነዚህ ጋ ሲደርስ የጸሎት ዓይነት ሆነ። እኔ ከጽፋት ታሪክ ሁሉ ልቤን የሚነካው ይሄ ነው።

ሴቶችስ አልነበሩም ወይ ይባላል፣ ነበሩ። ወደ ታች የምመጣበት የጽፋት ሊቅ ሐይም ቪታል በራዕይ መጽሐፉ ውስጥ ጽፋት ውስጥ ራዕይ የምታይ፣ ፍራንቼሳ ሣራ የምትባል ጥበበኛ ሴት ይጠቅሳል፣ ሌሎችም አሉበት። የወንዶቹን ያህል ስላልተጻፈላቸው ነው እንጂ ከተማዋ ውስጥ እነሱም ነበሩ።

አሪ የሚባለው ማነው? ለምን ሁሉ ሰው የሱን ስም ያነሳል?

ራቢ ይስሐቅ ሉሪያ ነው። አሪ ማለት አንበሳው ነው፣ ተማሪዎቹም የአንበሳው ግልገሎች ይባሉ ነበር። በ1534 ኢየሩሳሌም ተወለደ፣ አባቱ ሲሞት እናቱ ግብጽ ወዳለው ሀብታም ወንድሟ ወሰደችው፣ እዛ አደገ፣ ተማረ፣ ይነግድም ነበር። ናይል ወንዝ ላይ ባለች ደሴት ለብቻው ተቀምጦ ለዓመታት ዞሃርን ሲያጠና እንደነበር ይተረካል። በ1570 ጽፋት መጣ፣ የዛኑ ዓመት ኮርዶቬሮ ሞተ። ኮርዶቬሮ ከመሞቱ በፊት ከአስከሬኔ ፊት የእሳት ዓምድ የሚያይ ሰው ይተካኛል ብሎ ነበርና ያየው አሪ ብቻ ነው ይላል ትውፊቱ።

ከዛ ያስተማረው ሁለት ዓመት ገደማ ብቻ ነው። በ1572 በወረርሽኝ በ38 ዓመቱ ሞተ። ራሱ የጻፈው በጣም ጥቂት ነው፣ የታወቁት ለሰንበት ማዕድ የደረሳቸው ሦስት የአራማይስጥ መዝሙሮች ናቸው። ትምህርቱን የጻፈልን በዋናነት ጽፋት የተወለደው ተማሪው ራቢ ሐይም ቪታል ነው (1542 እስከ 1620)፣ እሱም የጻፈውን ማንም እንዳይገለብጥ ሲከላከል ኖረ፣ ግን አልቻለም፣ ተገልብጦ ተሰራጨ።

ስለ አሪ የሚነገረው ገድል ብዙ ነው። የሰው ግንባር ላይ ፊደል ያነባል፣ ነፍሱ ባለፈው ሕይወት የማን እንደነበረች ያውቃል፣ ምልክት የሌለው መቃብር ሲያይ የማን ጻድቅ እንደሆነ ይናገራል። አንዱን ልንገራችሁ፣ አንድ ዓርብ ሰንበት ሊገባ ሲል ተማሪዎቹን ኑ ኢየሩሳሌም ሄደን ሰንበትን እዛ እናክብር አላቸው፣ መንገዱ የብዙ ቀን ነው፣ ገሚሱ እሺ እንሂድ አለ፣ ገሚሱ ግን ቆይ ሚስቶቻችንን እናማክር አለ፣ እሱም እጁን አጨብጭቦ አዘነ፣ ሁላችሁም በአንድ ልብ እሺ ብትሉ ኖሮ ዛሬ ቤዛ ይመጣ ነበር፣ አሁን አለፈን አላቸው። ገድል ነው፣ ግን ሰዎቹ መዳንን ምን ያህል ቅርብ አድርገው ያዩት እንደነበር ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

ትምህርቱስ ምንድነው? ጽምጹም፣ ቲኩን ምናምን ሲባል እሰማለሁ

ሦስት ደረጃ አለው። መጀመሪያ የወሰን አልባው ብርሃን ሁሉንም ስለሞላ ለሌላ ለምንም ቦታ አልነበረም፣ ስለዚህ እግዚአብሔር ራሱን ሰበሰበ፣ ለዓለም ቦታ ለቀቀ፣ ይሄ ጽምጹም ነው። ሁለተኛ፣ ወደ ባዶው ቦታ ብርሃን ፈሰሰ፣ ብርሃኑን ይይዛሉ የተባሉት ዕቃዎች ግን አልቻሉትም ተሰበሩ፣ ስብርባሪው ወደ ታች ወደቀ፣ ከስብርባሪው ጋር የብርሃን ብልጭታዎች አብረው ወድቀው ተያዙ። ሦስተኛ ቲኩን ነው፣ መጠገን። ሰው ትእዛዝ ሲፈጽም፣ በትክክለኛ ሐሳብ ሲጸልይ፣ እንጀራ ቆርሶ ሲባርክ እንኳ አንድ ብልጭታ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች፣ ሁሉም ሲመለስ ዓለም ይጠገናል። ነፍስ ሥራዋን ካልጨረሰች በሌላ ሥጋ ትመለሳለች የሚለውም (ጊልጉል) የዚሁ አካል ነው።

እንግዲህ ይሄን ስደተኛ ሆናችሁ ስሙት። ከስፔን የተባረርነው እግዚአብሔር ስለጣለን ብቻ አይደለም፣ የዓለም አሠራር ራሱ ከመጀመሪያው በስደት ላይ ነው፣ ብርሃኑም ተሰዷል፣ ሕዝቡ በየአገሩ የተበተነው በየቦታው የወደቀውን ብልጭታ እንዲለቅም ነው ማለት ይቻላል። ጌርሾም ሾለም የሚባለው የካባላ ታሪክ ትልቁ ተመራማሪ የአሪ ትምህርት ለ1492 ስደት የተሰጠ መልስ ነው ብሎ ጽፏል። ሞሼ ኢደል የሚባለው ሌላ ተመራማሪ ደግሞ አይደለም፣ ጽሑፎቹ ውስጥ ስለ ስፔን ስደት በቀጥታ የሚል ነገር የለም ሐሳቦቹም ከድሮ የመጡ ናቸው ይላል። የኢደል ክርክር ጠንካራ ነው፣ ቢሆንም ትምህርቱ ለምን ያን ያህል ቶሎ በዓለም ዙሪያ ተቀባይነት አገኘ ለሚለው የሾለም መልስ ለኔ ይበልጥ ይዋጥልኛል፣ የተሰደደ ሰው ነው ቶሎ የገባው።

ከጽፋት የወጣና ዛሬም ያለ ነገር አለ?

ዓርብ ማታ የትኛውም ምኩራብ ግቡ፣ ጽፋትን ትሰማላችሁ። የጽፋት ሰዎች ዓርብ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነጭ ለብሰው ወደ ሜዳ ይወጡ ነበር፣ ሰንበትን እንደ ሙሽራ እንደ ንግሥት ሊቀበሏት። መዝሙረ ዳዊት እየዘመሩ። አልካቤጽ ለዚህ ነው ለኻ ዶዲ የሚለውን መዝሙር የደረሰው፣ ወዳጄ ሆይ ና ሙሽራዋን እንቀበል የሚለውን፣ የስንኞቹ መነሻ ፊደል ሲገጣጠም የራሱን ስም ይሰጣል። የመጨረሻው ስንኝ ላይ ሰው ሁሉ ወደ በሩ ዞሮ ጎንበስ ይላል። አብዛኛው ግጥም ግን ስለ ሙሽራዋ ሳይሆን ለፈረሰችው ኢየሩሳሌም ነው፣ ተነሺ አቧራሽን አራግፊ እያለ፣ እዛም ውስጥ ስደት አለ። ይሄ ዜማ አሁን ከየመን እስከ ፖላንድ፣ ከሞሮኮ እስከ አሜሪካ ያለ አይሁድ ሁሉ የሚለው ነው፣ እስራኤል ያሉ ወገኖቻችንም ይሉታል።

ይዲድ ነፍሽ (የነፍስ ወዳጅ) የሚባለውን መዝሙር ያቆየው ኤልዓዛር አዚክሪም የጽፋት ሰው ነው፣ ባለቅኔው እስራኤል ናጃራም እዛ ነው ያደገው። እኩለ ሌሊት ተነስቶ ስለ ቤተ መቅደሱ መፍረስ ማልቀስም እዛ ነው ሥርዓት ይዞ የተስፋፋው።

ከኢትዮጵያ ጋር የሚያገናኛት ነገር አለ?

አለ፣ ብዙ ሰው አያውቀውም እንጂ በጣም ትልቅ ነገር ነው። ራድባዝ በሚል አጠራር የሚታወቀው ራቢ ዳዊት ኢብን ዚምራ በ1479 ገደማ ስፔን ተወለደ፣ በልጅነቱ ከቤተሰቡ ጋር ተሰዶ ጽፋት ገባ፣ ከዛ ግብጽ ወርዶ ለአርባ ዓመት ገደማ የግብጽ አይሁድ መሪ ሆነ፣ ወጣቱን አሪንም እዛ አስተምሯል። በሽምግልናው ተመልሶ በ1573 ጽፋት ውስጥ ሞተ። እንግዲህ ይሄ ሰው ግብጽ እያለ ከሐበሻ ምድር በጦርነት ተማርካ ስለመጣች አንዲት ሴትና ስለ ልጇ ጥያቄ ቀረበለት፣ አይሁድ ናት ወይ የሚል። የሱ መልስ፣ ከሐበሻ የሚመጡት እነዚህ ያለ ጥርጥር ከዳን ነገድ ናቸው፣ የቃል ትምህርቱን የሚያውቁ ሊቃውንት በመካከላቸው ስላልነበሩ የኦሪትን ቃል እንደተጻፈ ይዘዋል፣ ይሄ ደግሞ ጥፋታቸው አይደለም፣ በባዕድ መካከል ተማርኮ እንዳደገ ልጅ ናቸው የሚል ነበር። ተማርከው ከተገኙ ዋጅቶ ማስለቀቅ ግዴታ ነው።

አራት መቶ ዓመት ቆይቶ በ1973 ራቢ ኦቫዲያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤል አይሁድ ናቸው ብሎ ሲወስን የተደገፈው በራድባዝ ቃል ላይ ነው። በ1975 የእስራኤል መንግሥት የመመለስ ሕጉ (አይሁድ ወደ እስራኤል ገብቶ እንዲኖር የሚፈቅደው) ይመለከታቸዋል አለ፣ ከዛ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ስለዚህ በሱዳን በኩል በእግሩ የወጣ ሁሉ፣ በመንገድ የቀሩትም ጭምር፣ ዓሊያቸው (ወደ እስራኤል መግባታቸው) የተፈቀደበት ሰነድ ሥሩ ይሄ ራሱ በልጅነቱ ስደተኛ የነበረ ሰው ጋ ነው። መልሱን ሳነብ ስደትን የሚያውቅ ሰው እንደጻፈው ይሰማኛል።

ቤተ እስራኤል ራሳቸው ካባላ ነበራቸው?

የለም። ዞሃርም ታልሙድም አልደረሳቸውም፣ ሃይማኖታቸው በግዕዝ ኦሪትና በቄሶቹ የቆመ ነው፣ ከጽፋት ጋር ግንኙነት አልነበራቸውም። ግን አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። ትእዛዘ ሰንበት የሚባለው የግዕዝ መጽሐፋቸው ውስጥ ሰንበት እንደ ሴት ሆና ነው የምትታየው፣ ክብር ያላት፣ መላእክት የሚያጅቧት፣ ስለ ሰው የምታማልድ። የጽፋት ሰዎች ነጭ ለብሰው ሙሽራዋን ሊቀበሉ ወደ ሜዳ ሲወጡ፣ ጎንደር ገጠር ውስጥ ደግሞ ሌላ አይሁድ ሰንበትን እንደ ንግሥት ያከብራት ነበር፣ አንዱ የሌላውን ሳይሰማ። አንዱ ከሌላው ወሰደ እያልኩ አይደለም፣ ሁለቱም ከአንድ ምንጭ ከሰንበት ፍቅር ነው የቀዱት። ቅድስት ሰንበት ብሎ እንደ እናት መጥራት ለኛ አገር ክርስቲያንም አዲስ አይደለም።

ዛሬ ጽፋት ውስጥ ከኢትዮጵያ የመጡ ቤተሰቦች አሉ፣ መርካዝ ክሊታም (አዲስ ገቢዎች የሚያርፉበት ማዕከል) ነበራቸው።

ካባላ ጥንቆላ ነው የሚሉ አሉ፣ እውነት ነው?

አይደለም። ስምና ክታብ የሚጠቀም የተግባር ካባላ የሚባል ነገር በታሪክ ነበረ፣ መካድ አይቻልም፣ ግን አሪ ራሱ ተማሪዎቹን ከዛ ነገር እንዲርቁ አስተምሯል፣ ያለ ቤተ መቅደሱ የመንጻት ሥርዓት እንደዛ ያለውን መንካት ጉዳት አለው ብሎ። የጽፋት ካባላ ጾም፣ ጸሎት፣ ትሕትና፣ ሰውን አለማስቀየም ነው። ኮርዶቬሮ የጻፈው ትንሽ የሥነ ምግባር መጽሐፍ አለ፣ ዋና ሐሳቡ እግዚአብሔር የበደለውን ሰው እንደሚታገሥ አንተም የበደለህን ታገሥ ነው፣ ጠንቋይ እንደዚህ አያስተምርም። ዩቲዩብ ላይ ቀይ ክር እየሸጠ ካባላ ነው የሚለውን ሁሉ አትመኑ።

ከዛ ወርቃማ ዘመን በኋላ ምን ሆነች?

ወደቀች። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የሱፉ ሥራ ተዳከመ፣ ወረርሽኝና ዝርፊያ ተፈራረቀባት። ትምህርቱ ግን ወጥቶ ሄደ፣ በ1665 ራሱን መሲሕ ያለው ሻብታይ ጽቪ ሲነሳ፣ ነቢዩ ነኝ ብሎ የሰበከለት ሰው የተጠቀመው የአሪን ትምህርት ነው፣ ያም በታላቅ ኀዘን አለቀ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ምሥራቅ አውሮፓ የተነሱት ሐሲዶች የሚባሉት የአይሁድ ሃይማኖታዊ እንቅስቃሴ ሰዎችም የአሪን መንገድ ተከትለው ነው የሚጸልዩት፣ በ1777 በራቢ ሜናሔም ሜንድል ዘቪቴብስክ የሚመራ ቡድን ወደ ጽፋት መጣ።

በ1759 የመሬት መንቀጥቀጥ መታት። በ1834 በገበሬዎች አመጽ ጊዜ የአይሁድ ሰፈሩ ለ33 ቀን ተዘረፈ። ገና ሳታገግም ጥር 1 ቀን 1837 ሌላ መንቀጥቀጥ መጣ፣ ቤቶቹ ተራራው ላይ አንዱ በሌላው ጣራ ላይ የተደራረቡ ስለነበሩ ላይኛው በታችኛው ላይ ተናደ፣ በሺዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ። የዛሬዎቹ አሮጌ ምኩራቦች ባብዛኛው ከዛ በኋላ እንደገና የተሠሩ ናቸው። የአቡሃብ ምኩራብ ግን የኦሪት ጥቅልሉ ያለበት የደቡብ ግድግዳው አልወደቀም፣ ለሕዝቡ ትልቅ ተአምር ነው።

አረቦቹስ? ከተማዋ የነሱም አልነበረችም?

ነበረች፣ ይሄን መዝለል አይገባም። ከ1948 ጦርነት በፊት አብዛኛው ነዋሪ አረብ ነበር። በነሐሴ 1929 ግርግር ሃያ ገደማ አይሁዶች ተገደሉ። በግንቦት 1948 ጦርነት ፓልማሕ የሚባለው የአይሁድ ተዋጊ ኃይል ከተማዋን ያዘ፣ አረብ ነዋሪዎቿ በሙሉ ሊባል በሚችል ሁኔታ ሸሽተው ወጡ፣ አልተመለሱም። የፍልስጤም አስተዳደር ፕሬዚዳንት ማሕሙድ አባስ እዛ ነው የተወለዱት። የአርቲስቶች ሰፈር የሚባለው ጋለሪ የበዛበት ቦታ ድሮ የአረቦቹ ሰፈር ነው፣ ሥዕል የሚታይበት አንዱ አዳራሽም መስጊድ ነበር። የስደት ትምህርት የወጣባት ከተማ ሌላም ስደት አይታለች፣ ጽፋትን እወዳለሁ የሚል ሰው ሁለቱንም ማወቅ አለበት።

ግድግዳውና መቃብሩ ለምን ሰማያዊ ነው?

ሰማይን ለማስታወስ ነው ይላሉ፣ ክፉ ዓይን ይከላከላል የሚልም አለ። ፎቶ ለማንሳት የሚመጣው ቱሪስት ቁጥሩ ብዙ ነው።

ሜሮንስ? ላግ ባዖሜር ላይ የሚሄዱት ምንድነው?

የራቢ ሺሞን ባር ዮሐይ መታሰቢያ ነው፣ በ33ኛው የዖሜር ቀን (ዖሜር ከፋሲካ ጀምሮ የሚቆጠር የቀን ቆጠራ ነው)፣ እሳት ይነዳል፣ ይዘፈናል፣ ሦስት ዓመት የሞላቸው ወንዶች ልጆች መጀመሪያ ፀጉራቸውን የሚላጩትም እዛ ነው። ከ1833 ጀምሮ ከጽፋት አቦ ከሚባል ቤተሰብ ቤት የኦሪት ጥቅልል በሆታ ይወጣል። በ2021 በተፈጠረው መጨናነቅ 45 ሰው ሞቷል፣ ነፍስ ይማር። ልጆች ይዛችሁ ከሆነ የበዓሉ ቀን አትሂዱ፣ ሌላ ቀን መቃብሩ ክፍት ነው።

መሄድ ብፈልግ ምን ልወቅ?

አሮጌው ከተማ ደረጃና ዳገት ነው፣ ጥሩ ጫማ አድርጉ። ሁለቱ የአሪ ምኩራቦች (አንዱ የአሽከናዝ ማለትም የአውሮፓ አይሁድ፣ አንዱ የሴፋራድ ማለትም ከስፔን የመጡት)፣ የካሮና የአቡሃብ ምኩራቦች በእግር ይዳረሳሉ፣ ሲገቡ ወንድ ኪፓ ወይ ኮፍያ፣ ሴት ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ። መቃብሩ ከከተማው በታች ቁልቁለት ላይ ነው፣ አሪ፣ ካሮ፣ ኮርዶቬሮና አልካቤጽ እዛ ነው ያረፉት፣ አጠገቡ አሪ ይጠመቅበት የነበረ በጣም ቀዝቃዛ የምንጭ ውሃ አለ፣ ለወንዶች ብቻ ነው። ከዓርብ ከሰዓት በኋላ እስከ ቅዳሜ ማታ አውቶቡስ የለም ሱቅም ይዘጋል፣ ስለዚህ ወይ ከእሑድ እስከ ሐሙስ ሂዱ፣ ወይ ዓርብ ጠዋት ገብታችሁ ማደሪያ ያዙና ማታ ለለኻ ዶዲ አቡሃብ ወይ አሽከናዚው አሪ ምኩራብ ቀደም ብላችሁ ድረሱ፣ ቦታ ቶሎ ይሞላል።